ዓመታት ጎዳና ላይ የቆየ ሰው ለማንሳት ለምታስቡ

ይህን የምንጽፈው በሰፈር ወይም በዕድር ተሰባስበው፣ ደጃቸው ላይ ለዓመታት የሚያድረውን ሰው "እናንሳው" ብለው ለሚነሱ ነው። የምናውቀው አዲስ አበባን ስለሆነ ምሳሌዎቹም ከዚሁ ናቸው። መቄዶኒያ በጥቂት ሰዎች ጀምሮ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ይጦሩበታል። ስድስት ኪሎ ያለው የማዘር ተሬዛ ቤትም በጠና የታመመውንና ጠያቂ የሌለውን ይቀበላል። ቢሆንም እነዚህ ቤቶች ሁሌም ሙሉ ናቸው፤ ትናንሽ የሰፈር ቡድኖች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። ቡድኖቹ ሲፈርሱ ብዙ ጊዜ ያየነው ምክንያት የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ማንሳቱን የአንድ ቅዳሜ ሥራ አድርገው ያስቡታል፤ ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውየው እዚያው በረንዳ ላይ ይገኛል፤ እነሱም "አይፈልግም" ብለው ይተዉታል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ከታጠበ በኋላ ስለሆነ ዝግጅቱም ለዚያ መሆን አለበት።

በመጀመሪያ ማንን እንደምታነሱ ለዩ። ጎዳና ላይ የሚታይ ሁሉ እዚያ የሚኖር አይደለም። ቀን ሲለምን ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባ አለ፤ ሥራ ፍለጋ ከገጠር መጥቶ ሁለት ሳምንት በረንዳ ያደረም አለ። ለነዚህ የመሳፈሪያ ብር ወይም ወደ ቤተሰብ አንድ ስልክ መደወል ሊበቃቸው ይችላል። እዚህ የምንናገረው ዓመታት ስላስቆጠረው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ217 የጎዳና ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአሥሩ አራት ያህሉ ሳይኮሲስ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ከብርድ ልብሱና ከምግቡ በፊት የምታስቡት የሕክምናውን ጉዳይ ይሁን። በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ አለው? ማክሰኞ ነው ሐሙስ የሚያየው? መድኃኒቱስ ፋርማሲው ውስጥ አለ? እነዚህን ሳታውቁ ማንንም አታንሱ።

አቀራረቡ ጊዜ ይፈልጋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው፤ ሰው ተነስቷል፣ መንገዱ ገና አልተጨናነቀም፣ የሚጠጣውም መጠጣት አልጀመረም። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ አፈሳ ይመስለዋል። ተኝቶ ከሆነ አትንኩት፤ በእግሩ በኩል ሁለት እርምጃ ርቃችሁ ቆማችሁ በድምፅ ቀስቅሱት። ነቅቶ ሲያያችሁ ቁጭ በሉ፤ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ለእሱ ደንብ አስከባሪ ነው። ዕድሜውን አይታችሁ "አባባ"፣ "እማማ"፣ "ጋሼ" በሉ፤ ለትልቅ ሰው "እርስዎ" ይባላል፤ ራቁቱን ቢሆንም፣ ቢሳደብም። ስኳር ያለው ሻይና ዳቦ ይዛችሁ በሳምንት ሦስት ቀን በዚያው ሰዓት ሂዱ። በነዚህ ቀናት ስለ ማንሳት አታውሩ። ስሙን ብቻ ጠይቁት፤ እናንተም ስማችሁን ንገሩት፤ በሚቀጥለው ቀን በስሙ ጥሩት። አንዳንዱ በሁለተኛው ሳምንት "ውሰዱኝ" ይላል፤ አንዳንዱ አራት ወር ይፈጃል። ቸኩላችሁ በግድ የጫናችሁት ሰው ግን በሩ በተከፈተ በመጀመሪያው ሌሊት ይወጣል። ሕይወቱ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ ፖሊስና ጤና ጣቢያ አብረዋችሁ ይሁኑ እንጂ ብቻችሁን አትግቡበት።

የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ብዙዎች የለመዱትን በረንዳ አጥተዋል። ስለዚህ አንድን ሰው ከለመዳችሁት ሌላ የሚያድርበትንም ቦታ ጠይቁ። የሱቅ ጥበቃውን፣ ጀበና ቡና የምትሸጠዋን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ ተዋወቁ። ሰውየው ሲሰወር የት እንደሄደ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ዕቃውን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ። የያዘውን ማዳበሪያ ቆሻሻ ነው ብላችሁ እንዳትጥሉበት። ውስጡ የተቀዳደደ ወረቀት፣ ጠርሙስ፣ የደረቀ ዳቦ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ግን የእናቱ ፎቶ ወይም የድሮ መታወቂያው እዚያ ውስጥ ነው። እሱ እያየ እሰሩት፣ ስሙን ጻፉበት፣ የት እንደተቀመጠም አሳዩት። ማዳበሪያው ስለተጣለ ብቻ ተመልሶ የሄደ ሰው አለ።

ለአንድ ሰው መታጠቢያ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሞቀ ውኃ፣ ሁለት ሳሙና፣ አንድ አዲስ ምላጭ፣ ጓንት፣ ሳፋና ሁለት ጥንድ ንጹሕ ልብስ አዘጋጁ። ምላጭ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሴትን የሚያጥቡ ሴቶች ናቸው። ጸጉር ከመላጨታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ጸጉሩን በስዕለት ያሳደገ ሰው አለ። የእግር ጣቶችን መሐል በደንብ እዩ፤ ቁስል ወይም ሙጃሌ ካለ ጤና ጣቢያ ይታይ። እግሩ ላይ ትልቅ ቁስል ኖሮ የማያመው ከሆነ ደግሞ የሥጋ ደዌ ወይም የስኳር ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይህንኑ ንገሩት።

ቅማሉ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ቡድኖች በጣም የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የልብስ ቅማል የሚኖረው ሰውነት ላይ ሳይሆን ልብሱ ላይ ነው። ኮቱን ገልብጣችሁ ብብቱ ሥርና ወገቡ ላይ ያለውን ስፌት ብታዩ ቅጫሙ እንደ ሰሊጥ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ሰውየውን አጥቦ ያንኑ ልብስ መልሶ ማልበስ ምንም አያደርግም። ልብሱ ሁለት ፌስታል ውስጥ ተደርቦ ይገባል፣ ይታሰራል። ከዚያ ወይ በፈላ ውኃ ይቀቀላል ወይም እንደታሰረ ለሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ ቅማሉ ያለ ሰው ደም ከሳምንት በላይ አይቆይም፣ የሚፈለፈለውም አብሮ ያልቃል። ብርድ ልብሱና አንሶላውም እንዲሁ። ዋናው ጥንቃቄ ግን ይህ ነው፦ ቅማሉን በጥፍር አትጨፍልቁ። በእኛ አገር ልማዱ ቢሆንም፣ የሚያገረሽ ትኩሳት አምጪው ተሕዋስ ያለው ቅማሉ ሰውነት ውስጥ ነው፤ ሲጨፈለቅ ወጥቶ በተቧጠጠ ቆዳ ወይም ዓይን በተነካበት እጅ ይገባል። ሐኪሞች ሪላፕሲንግ ፊቨር የሚሉት ይህ በሽታ በክረምት፣ ሰዎች ተጠጋግተው ሲተኙ ይብሳል። ተስቦም የሚተላለፈው በዚሁ በልብስ ቅማል ነው።

ስለዚህ ያነሳችሁት ሰው ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ካለው፣ ወይም ለቀናት ተሽሎት እንደገና ካተኮሰው፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ የደም ምርመራ አሠሩለት። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ አትስጡ። የመጀመሪያውን መድኃኒት በወሰደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ሊመጣ ይችላል፤ ሰው የሚሞትበት ሰዓት ይህ ነው። ጤና ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ እዚያው ይደር። መድኃኒቱ ተሰጥቶታል ብሎ ወደ ቤት ማምጣት ትልቅ ስህተት ነው።

እከክ ካለ ቢቢኤል (ቤንዚል ቤንዞኤት) የሚባለው የእከክ ቅባት ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣ በጣቶች መሐልና ብልት አካባቢ ጭምር ይቀባል። እሱን ብቻ ሳይሆን አብረውት የሚያድሩትን ሁሉ በአንድ ቀን ቀቡ፤ አለበለዚያ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር ይኖራል። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላ እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል "አልሠራም" ብላችሁ በየቀኑ አትደጋግሙት፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል።

ምግብ ላይ ደግሞ ደግነት ይጎዳል። ብዙ ቀን ምንም ያልበላ፣ ከሲታ የሆነ ሰው ፊት በመጀመሪያው ቀን ሥጋና ጥሬ ማቅረብ ተቅማጥ ብቻ አይደለም የሚያመጣው። በረሃብ የቆየ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት ተዛብተው ልብ እስከማቆም ይደርሳል። ለመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ቀናት በትንሽ በትንሹ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ አብሉት፦ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለስላሳ ሽሮ ፍትፍት። እግሩ ማበጥ ከጀመረ፣ ከደከመ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ምግቡን የጾም ብታደርጉት ይሻላል። ሽሮውን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል፤ የሥጋ ወጥ ካመጣችሁ ግን ማን አረደው የሚለው ጥያቄ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አእምሮው ታውኮም እንኳ የማይበላ ሰው ታገኛላችሁ።

በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረን ሰው በድንገት ማስቆም እንዲሁ አደገኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፤ እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ የሚጥል ነገር ሊመጣ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ይከተላል። "አብዷል" ተብሎ የሚታሰረው ያን ጊዜ ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ ከመነሳቱ በፊት ለሐኪም ንገሩና እነዚያን ቀናት ሆስፒታል ያሳልፍ። ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቫይታሚን ቢ1 እንዲሰጠው ጠይቁ፤ ጠጪ ነው ብላችሁ ካልነገራችሁ ሐኪሙም ላያውቅ ይችላል። የሚጥል በሽታ ኖሮት ፌኖባርቢታል ሲወስድ የቆየ ሰውም መድኃኒቱ ለአንድ ቀን እንኳ መቋረጥ የለበትም።

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። አንደኛው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ምላሱ ተሳስሮ ሊቀር ይችላል። ያየ ሁሉ "መንፈሱ ተነሳበት" ብሎ ጸበል ሊያጠምቀው ይሮጣል። የሃሎፐሪዶልና የመሳሰሉት መድኃኒቶች ጎንዮሽ ውጤት ነው፤ ጤና ጣቢያ በሚሰጥ መርፌ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል። ሁለተኛው መቁነጥነጥ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም፣ ግቢውን ሲዞር ያድራል። "ሕመሙ ባሰበት" ተብሎ መጠኑ ሲጨመርለት ይብስበታል፤ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ጠልቶ የሚጠፋውም በዚህ ነው። ሐኪሙ መጠኑን እንዲያስተካክል ንገሩት። ለዚህ ማስታገሻ ተብሎ የሚታዘዘው አርቴን ጎዳና ላይ የሚሸጥ መድኃኒት ስለሆነ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በየቀኑ የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚከብደው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚቆይ የፍሉፌናዚን መርፌ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው በቀን አቆጣጠር ነው። ካርዱ ላይ 15/3 ተብሎ ይጻፋል፤ ነርሷ ማርች 15 ማለቷ ነው፣ በእኛ መጋቢት 6። ታማሚው ወሩ መጋቢት መሆኑን ሰምቶ መጋቢት 15 ብሎ ይይዘዋል። ዘጠኝ ቀን ያልፈዋል፣ በነዚያ ቀናት እንቅልፉ ይጠፋል፣ ከዚያ እሱም ይጠፋል። ሰዓቱም እንደዚያው፤ 8፡00 የሚለውን ከቀኑ 8 ሰዓት አድርጎ ሲሄድ የቀጠሮው ክፍል ተዘግቶ ያገኘዋል። ከጤና ጣቢያው ሳትወጡ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ በፊደል፣ በትልቁ ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉት፤ አንዱንም ግድግዳው ላይ ለጥፉት።

ጸበልን አትቃወሙ፤ ተቃውሞ ሰውየውንም ቤተሰቡንም ያርቃል። ሄዶ ሲጠመቅ መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ አድርጉ፤ ከአጥማቂው ካህን ጋር ቀድማችሁ ብትነጋገሩ ብዙዎቹ ይረዱታል። ጾመኛ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ መድኃኒቱን ወደ ማታ እንዲያዞርለት ጠይቁ።

ወረቀት ከሌለ ምንም አይሄድም። የወረዳ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ነዋሪነት ቦታ መሸኛ ይጠየቃል፤ ከ15 ዓመት በፊት የወጣበት ቀበሌ ደግሞ ተከፍሎ ወይም ስሙ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ቀበሌውን ቢረሳ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ የተጠመቀበትን ቤተ ክርስቲያን ወይም የሰፈሩን መስጊድ፣ የገበያውን ቀን ጠይቁት፤ ከዚያ አካባቢው ይገኛል። ፋይዳን በጎን አስጀምሩ፤ የጣት አሻራ፣ የዓይን አሻራና ፎቶ ስለሚወሰድ በተረጋጋ ቀን፣ ወረፋ በሌለበት ሰዓት ውሰዱት። ከወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ጠይቁ፤ የማኅበረሰብ ጤና መድንም መክፈል ለማይችሉ መንግሥት የሚሸፍነው ቦታ አለው። ምዝገባው በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ ጊዜውን አስቀድማችሁ ያዙ። ወደ አማኑኤል ወይም ሌላ ሆስፒታል ስትሄዱ የጤና ጣቢያውን ሪፈር አትርሱ። የሁሉንም ወረቀት ሁለት ሁለት ኮፒ አንሱ፤ አንዱ ኮፒ ከእሱ ጋር፣ ኦሪጅናሉ ከእናንተ ጋር ይሁን። ሲጠፋ ወረቀቱም አብሮ እንዳይጠፋ ነው።

ቤትን በተመለከተ የእኛ አስተያየት ግልጽ ነው፦ ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ከማሳደር አንድ ሰርቪስ ክፍል ለሁለት ሰው መከራየት ይሻላል። አዳራሽ ውስጥ ስርቆትና ጠብ አለ፤ ዓመታት ብቻውን ያደረ ሰው በአሥር ሰው ማንኮራፋት መሐል አይተኛም፣ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይከለክላል፣ የውሉንም ዝቅተኛ ጊዜ ሁለት ዓመት አድርጎታል። ለአከራይዋ እውነቱን ንገሯት። ደብቃችሁ ካስገባችሁት በመጀመሪያው ጩኸት ታስወጣዋለች፤ ስልክ ስትደውል የሚመጣ ሰው እንዳላት ካወቀች ግን ትታገሣለች። ያ ስልክ ሌሊትም መነሳት አለበት። መጀመሪያ ሰሞን ፍራሹን ትቶ መሬት ላይ ሊተኛ፣ በሩን ከፍቶ ሊያድር ይችላል፤ ተዉት።

ዕድር አስገቡት። ጎዳና ላይ ያለ ሽማግሌ ከረሃብ ይልቅ የሚፈራው "ስሞት ማን ይቀብረኛል" የሚለውን ነው። ወርኃዊ መዋጮውን እናንተ ክፈሉለት፤ ለቅሶ ላይ ወንበር የሚያነሳው፣ ድንኳን የሚተክለው ግን እሱ ይሁን። ሰፈሩ "ያ እብድ" ማለቱን ትቶ በስሙ መጥራት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ሥራ ሲጀምር የሌሊት ጥበቃ አታስቀጥሩት፤ ለአእምሮ ሕመም ከእንቅልፍ ማጣት የከፋ ነገር የለም። የሚጠጣ ከነበረ የወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ እጁ ባይገባ ጥሩ ነው፤ ፈቃደኛ ከሆነ በየሳምንቱ ይቀበል፣ ከፊሉንም ዕቁብ ይጣል።

ገንዘቡን አስቀድማችሁ አስሉት። ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ መድኃኒት፣ ዕድርና የመብራት ድርሻ በወር ስንት እንደሆነ ደምሩ፣ በስድስት አባዙ፤ ያ ብር ባንክ ውስጥ ሳይኖር ሁለተኛ ሰው አታንሱ። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። በአዋጅ 1113/2011 ተመዝግባችሁ ድርጅት ከሆናችሁ የአስተዳደር ወጪያችሁ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ። ከዋሽንግተንም ከዱባይም ለመርዳት የሚጽፉ ወገኖች አሉ፤ ለበዓል አንድ ጊዜ ከሚላክ ብዙ ብር በየወሩ ሳይቆም የሚመጣ ትንሽ ይሻላል፣ ኪራይ የሚከፈለው በየወሩ ነውና። ፎቶ ለጠየቀ ለጋሽ ደረሰኝ ላኩለት። ቅማልና ቁስል ለብሶ የተነሳ ፎቶ ዛሬ ብር ቢያመጣም፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ ሲፈልግ ቀጣሪው ስልክ ላይ ያገኘዋል።

ተመልሶ ቢወጣ ክፍሉን ለሁለት ሳምንት አታከራዩበት። በማግሥቱ ጠዋት 12 ሰዓት ሻይና ዳቦ ይዛችሁ ወደ ድሮው ቦታ ሂዱ፤ ከሌለ ጀበና ቡና የምትሸጠዋን ጠይቁ። ስታገኙት ለምን ወጣህ አትበሉት፤ በስሙ ጠርታችሁ ቁጭ በሉ። የመርፌው ቀን ካለፈ ካርዱን በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወደ ቤት ባይመለስም ጤና ጣቢያ ድረስ አብሯችሁ ሊሄድ ይችላል።